ያላየሁት ፊልም ዘፈኖች

«አንች ልጅ፣ ያላየሽውን ፊልም ስታወሪ ካየው ሰው ትበልጫለሽ!»

ይህን ያለኝ አሠሪዬ ነው፤ ፊት ለፊቴ፣ ሱቁ ጢም ብሎ ሳለ። እውነቱን ነው፣ ፊልሙን አላየሁትም። በእጄ ያለው የፊልሙ አልበም ብቻ ነበር፤ ከባሕር ዳር በፍላሽ የመጣ አሥራ ሁለት ዘፈንና አንድ የሽፋን ሥዕል። ሥዕሉ ላይ ቬሎ የለበሰች ሴት አለች፣ እጇ ላይ ካቴና። የሌባና የመርማሪ ፍቅር ነው ተብሏል። ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገኛል?

ሱቃችን ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ነው። የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እንሸጣለን፤ ዋናው ሥራችን ግን ዘፈን መጫን ነው። ሰው ሚሞሪውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ከኮምፒውተሩ እጭንለታለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝ ሲል ነው እዚህ የተቀመጥሁት፤ እኔ፣ መቀመጥ የማልችለው። በገበያ ቀን ከፈረስ ቤት ከተማ ድረስ የመጣ ሰው ደግሞ ቆሞ አሥራ ሁለት ዘፈን አይሰማም። «ምን ዓይነት ነው?» ይላል። ስለዚህ አወራለታለሁ።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ወንድና ሴት ዘፈኑን ይቀባበሉታል። ገባኝ፣ ተገናኙ። ቀጥሎ የፖሊስ መኪና ጩኸትና የሷ ልቅሶ። ተያዘ። ቀጥሎ ሙሾ። ሞተ። ቀጥሎ ግጥም የሌለው፣ ዋሽንት ብቻ። ተቀበረ። እስከዚህ ማንም ያወራዋል። ጉዱ የመጣው አምስተኛው ላይ ነው። ሟቹ በዚያው ድምፁ፣ ትከሻ በሚነቀንቅ ምት፣ «ነይ እንሂድ» እያለ ይጨፍራል።

«የተቀበረው ሰው ተነስቶ ጨፈረ?» አለኝ አሠሪዬ።

«አልሞተማ ጋሼ! ሳጥኑ ውስጥ ያለው ድንጋይ ነው!»

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ ግን ራሴንም አሳመነኝ። መርማሪዋ ወዳው ነው ያስመለጠችው። ድንጋዩን የቀበረው ወንድሙ ነው። የመጨረሻው ዘፈን የሠርግ ነው፤ ቀለበት ስለሌለው በራሷ ካቴና እጃቸውን አንድ ላይ አስሮ አገባት። ይኸው፣ የሽፋኑ እንቆቅልሽ፣ ቬሎውም ካቴናውም ተፈታ!

ጎረቤታችን ቁርስ ቤት ያላቸው እትዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ መጥተው ሰሙና አለቀሱ። በማግስቱም መጡ።

«አንች ቀበጥ፣ እስቲ የድንጋዩን ድገሚው።»

«ፉሉ ያርርብዎታል እትዬ።»

«ይረር! ወንድሙ ሳጥኑን ሲሸከም አላነባም አልሽኝ?»

«አነባ እንጂ፤ ለፖሊስ እንዲመስል።»

«እሰይ! እንዲህ ነው ወንድም!»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንን አልበም ያልጫነ ባጃጅ የለም። አሠሪዬ ግን ጠርጣሪ ነው፤ በሚዛንና በቃል አይቀልድም። በሦስተኛው ወር አንድ አርብ ከመስጊድ ተመልሶ ቁጭ አለና «ቡሬ የምከፍተውን ሱቅ ላንች አስቤው ነበር» አለኝ። ልቤ ዘለለች። «ፊልሙ እሑድ ቡሬ ቪዲዮ ቤት ይታያል። እንዳወራሽው ከሆነ ቁልፉ ያንች ነው። ካልሆነ ግን ወላሂ እዚሁ ቻርጀር ስትሸጭ ትኖሪያለሽ። ደንበኛ ለሚዋሽ ሰው ሱቅ አልሰጥም።»

ቡሬ ሩቅ አይደለችም። ግን የራሴ ሱቅ፣ የራሴ ስፒከር፣ «የት ነበርሽ?» የሚለኝ የሌለበት የራሴ ክፍል!

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬና ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ፣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሆነን ሄድን። ማንኩሳን ሳናልፍ ሰው ሁሉ ዘፈኖቹን እየዘፈነ ነበር፣ በእኔ ቅደም ተከተል። አሠሪዬ ከፊት ጋቢና ነበር።

ፊልሙ ተጀመረ። ዝናቡ መጣ፣ ተገናኙ። የኛ ሰዎች በክርን ጎሸም ጎሸም አደረጉኝ። ከዚያ የፖሊሱን መኪና ስጠብቅ «ነይ እንሂድ» መጣ።

«ገና ሳይሞት ይጨፍራል እንዴ?» አሉ እትዬ፣ አዳራሹ ሙሉ እየሰማ።

ያኔ በራልኝ። ፍላሹን የሞላው ሰው ዘፈኖቹን በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የጠራቸው። የኛ ማጫወቻ ደግሞ መቁጠር አይችልም፤ እንደ ፊደል ነው የሚደረድረው። አንድን ካጫወተ በኋላ ሲጻፉ በአንድ የሚጀምሩትን፣ አሥርን፣ አሥራ አንድንና አሥራ ሁለትን ያስቀድማል። ሁለት የሚደርሰው ከቀብር በኋላ ነው! ሦስት ወር ሙሉ ሰውዬውን ቀብሬ ሳስነሳው የከረምሁት ለካ በዚህ ነው። ሱቄ እየተነነ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሳቄ መጣ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አግዳሚው ወንበር እስኪነቃነቅ ሳቅሁ።

ሠርጉ ሳያልቅ ፖሊስ ገባ። ካቴናውን ያሰሩት ለሷ ነው፣ ሌባ ደብቀሻል ብለው። እሱ ሊያስጥላት ሲል ተመትቶ ሞተ። ሙሾ። ዋሽንት። መብራት በራ።

እትዬ ብድግ አሉ። «መነሳቱስ?»

«አለቀ እናቴ» አለ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት።

«ምን አለቀ! ሰውዬው ይነሳል! ቆርጣችሁታል!»

«ቀሪውን አምጣ!» አለ የኛ ባጃጅ ነጂ ሁሉ። ባለቤቱ ሌላ የለም ብሎ በታቦት ማለ። የቡሬ ሰዎች «የምን ቀሪ?» ብለው ቢጠይቁ እትዬ አግዳሚ ላይ ቆመው ድንጋዩን፣ ወንድምየውንና በካቴና መጋባቱን ተረኩላቸው። ሊወጣ በር ላይ የደረሰው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ።

እኔ ወደ አሠሪዬ ሄድሁ። መሸፋፈን አይሆንልኝም።

«ጋሼ፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ማጫወቻው ከአንድ ቀጥሎ አሥርን ነው የሚያጫውተው። በሰማሁት ነው ያወራሁት።»

«እሽ፤ ድንጋዩስ የስንተኛው ዘፈን ነው?»

«ድንጋዩ የኔ ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻው ሲርገፈገፍ ነው መሳቁን ያወቅሁት። ያን ጊዜ ሁለት የቡሬ ሴቶች ስልካቸውን ይዘው መጡ።

«ዘፈኑን የምትጭነው ይች ናት? ሰውዬው በሚነሳበት ተራ ጫኝልን።»

አሠሪዬ እንባውን ጠረገ። «ስሚ። ሁለት ፎልደር ታደርጊያለሽ፤ አንዱ የፊልሙ፣ አንዱ ያንች። የቱ የቱ እንደሆነ ሳትነግሪ ለአንድ ሰው ብትጭኝ ግን…»

«እነግራለሁ።»

«ማይልኝ።»

«በማርያም!»

ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እትዬ ፉላቸውን ትተው፣ ጭልፋቸውን ይዘው በመስኮቱ በኩል መጡ።

«እኔ ምልሽ፣ ከተጋቡ በኋላ ልጅ ወለዱ?»

«ገና ነው እትዬ፣ ዘፈኑ አልወጣም» አልኋቸው፤ ሚኒባሱም ወደ ቡሬ ተነሳ።