በነፃ ላሰናበትኩት ሰው ዋስ ስሆን

ሃያ ምናምን ዓመት ፈርጃለሁ፤ ደክሞኛል። ወንበሩ ነው ያደከመኝ ብል ማንም አያምነኝም። አሶሳ መጀመሪያ የተሰጠኝ የዳኝነት ወንበር ሦስት እግር ብቻ ነበረው። አራተኛው እግር እኔ ነበርኩ።

ክልሉ አዲስ ነበር። ሁሉ ነገር አዲስ ነው ሲባል ሁሉ ነገር ገና የለም ማለት ነው። ችሎት የምንቀመጠው የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ እኩል ያስነጥሳሉ። ማህተማችንም አንድ ብቻ። ለተዘዋዋሪ ችሎት የሚወጣ ዳኛ ፈርሞ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል። እሱ እስኪመለስ እኛ የቀረነው ፍርድ እንጽፋለን እንጂ አናትምም።

አንድ ግንቦት ተራው ደረሰኝና ወደ መተከል፣ ወደ ማንቡክ ተላክሁ። ማንቡክ ያለችው በራሳችን ክልል ነው። ነገር ግን መሃል ላይ አባይ አለ፤ ድልድይ የለም። ከሳሎናችን ወደ ጓዳችን ለመግባት የጎረቤቶቻችንን ግቢ ሁሉ ማቋረጥ ነበረብን፦ ነቀምት፣ ቡሬ፣ ቻግኒ። አራት ቀን። ስደርስ ከላዬ የተራገፈው አቧራ አንድ ቀበሌ ይሠራ ነበር።

የመጀመሪያው መዝገብ የአንድ ጉሙዝ ገበሬ ነበር። የጎረቤቱን ላም ሰርቀሃል ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ አምስት ወር ተቀምጧል። ከሳሹን አቆምኩና ጠየቅሁ።

«ላሚቱስ?»

«መጣች፣ ጌታዬ።»

«መቼ?»

«ለጥምቀት ሰሞን። ወልዳ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ዳኛ እስኪመጣ ስጠብቅ ነው እንጂ።»

ተከሳሹ በመስኮቱ ሰማዩን ያያል። ሰማዩ ጠቁሯል። «ዝናብ መጣ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። «ሰው ሁሉ ማሽላ ዘራ። እኔ ብቻ አልዘራ።»

በነፃ አሰናበትኩት። የመፍቻ ትእዛዙን ጽፌ ፈረምኩና ሻንጣዬን ከፈትሁ። መሐረቡ አለ፤ ማህተሙ የለም። አሶሳ የራሴን የጉዞ ትእዛዝ አትሜበት፣ የቀለሙ ሳጥን ላይ እንደተኛ ትቼው መጥቻለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ጣቢያው አዛዥ ሄድኩ። ቀጭን፣ ጨዋ መቶ አለቃ ነው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ፊርማው የእርስዎ ነው፤ አልካድኩም።»

«እንግዲያው ይፍቱታ!»

«ማህተም የሌለው ወረቀት እኮ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ እናቴም ትጽፍልኛለች።»

«ስፈርድ እዚያው ቆመው አልነበር?»

«ነበርኩ፤ አንጀቴንም በልቶኛል። ነገ ተቆጣጣሪ መጥቶ በምን ፈታኸው ሲለኝ ግን አንጀቴን አላሳየው።»

እውነቱን ነው። ያመጣኝ መኪና አሶሳ ደርሶ እስኪመለስ ስምንት ቀን፣ ያውም ጎማ ካልፈነዳ። ጎማ ደግሞ ሁልጊዜ ይፈነዳል። እስከዚያ የመዝሪያው ጊዜ ያልፋል። ሰውየው ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሁለታችንንም ያያል።

«እኔ ተፈታ?» አለ።

ያን ያህል አጭር ጥያቄ ያን ያህል አስጨንቆኝ አያውቅም።

መቶ አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «በዋስ ከሆነ በራሴ ሥልጣን እለቀዋለሁ። የታወቀ ሰው ይጥራ።»

ዘመዶቹ የአንድ ቀን መንገድ ርቀው ነው ያሉት። ከሳሹ ወደ ላሙ ሄዷል።

«እኔ አልታወቅም?» አልኩ።

እስክሪብቶውን ከፈተ። «የዋስ ሥራ?»

«ዳኛ።»

«ከተጠርጣሪው ጋር ያለዎት ግንኙነት?»

«ነፃ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ትንሽ አሰበና «ትውውቅ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ተነስቶ ሰላምታ ሰጠኝ። «እንግዲህ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ማህተሙ እስኪመጣ ዋስ ከማንቡክ አይወጣም።»

ሰውየው ወደ ኋላ እንኳ ሳይዞር ሄደ። መኪናውም ያለ እኔ ሄደ። ስምንቱ ቀን ሃያ ሦስት ሆነ። መጀመሪያ ጎማው ፈነዳ፤ ቀጥሎ ሌላ ዳኛ ማህተሙን ይዞ ለተዘዋዋሪ ችሎት ባምባሲ ወጥቶ ተገኘ። እኔ የከተማዋ ትምህርት ቤት ውስጥ ዴስክ ገጥሜ እተኛለሁ። ወባ ሁለት ጊዜ ያዘችኝ፤ በሁለተኛው ጊዜ ዘመድ ሆነን ነበር። ቀን ቀን የማይታተም ፍርድ እጽፋለሁ።

በአንድ የገበያ ቀን የጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሳለ ያ ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። በቅጠል የተጠቀለለ ባሚያ ጭኔ ላይ አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ማሽላ በቀለ» አለ።

«እሰይ።»

ጣቢያውን አየ፤ እኔን አየ።

«አንተስ? መቼ ይፈታል?»

«ማህተም ሲመጣ።»

ራሱን ነቀነቀ። የማላውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ታላቅ ወንድም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«መጀመሪያ ወር ከባድ ነው» አለ። «ከዛ ይለመዳል።»

ባሚያው እንዴት እንደሚቀቀል አስረዳኝና ገበያው ሳይበተን ወደ ማሳው ተመለሰ። እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ።