የአባቴ ጫማ በወንዶች በር

ባለፈው ሳምንት የተነቀለ ተረከዝ ላስመታ ከሰፈራችን ጫማ ሰፊ ዘንድ ቆሜ ነበር። ሰውየው የማስቲሹን ቆርቆሮ ሲከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝና የጀመርኩትን ወሬ አቋረጥኩ። ማስቲሽ፣ የተቆረጠ የመኪና ጎማ፣ ጥቁር የጫማ ቀለም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዝናብ የራሰ የጅማ ቀይ አፈር። እሱን ራሴ ጨመርኩበትና በሐሳቤ የልጅነት ሰፈሬ መንደራ ቆጪ፣ ጋሽ ሽብሩ ሱቅ ደጃፍ ደረስኩ።

ሱቅ ማለቴ ለክብራቸው ነው። ከአባ ቢያ የጨርቅ መደብር ግድግዳ ጋር የተለጠፈች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ውስጧ ጫማ የሚገለበጥበት የብረት እግር፣ ወስፌ፣ በሰም የታሸ ክር፣ እንዲሁም የቆዳ ልብስ የተሰፋላት አሮጌ ሬዲዮ ነበሩ። ጋሽ ሽብሩ በወጣትነታቸው ከደብረ ብርሃን በኩል መጥተው ጅማ የቀሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ነበሩ። የሰፈሩን ጫማ ሁሉ እየሰፉ የራሳቸው ግን ሁልጊዜ አፉን እንደከፈተ ነው። እናቴ «ኧረ እባክዎ ይቺን ጫማዎን እንኳ ይስፏት» ስትላቸው፣ «ተራዋ አልደረሰም» ይሏታል።

በቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች በሰሜኑ በር፣ ሴቶች በደቡቡ በር ነበር የሚገቡት። ጫማ እየተወለቀ ደረጃው ላይ ይደረደራል። ጭቃ የጠጣ ቦቲ፣ የተማሪ ሸራ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቁር ቆዳ፣ የላስቲክ ኮንጎ፣ ሁሉም ጎን ለጎን። የወንዶቹን አብዛኛውን ጋሽ ሽብሩ በእጃቸው የሰፉት ስለሆነ ባለቤቱን ሳያዩ ያውቁታል። የሚቆሙትም እበሩ አጠገብ ነበርና ቅዳሴው ሳያልቅ ማን እንዳልመጣ ይገባቸዋል። ለማንም አይናገሩም። ሕዝቡ ሲበተን ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ቀረው ሰው ቤት ይሄዳሉ፤ በሩ ሲከፈትም የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጫማህን አጣሁት።»

ከዚያ በኋላ ስብከት የለም። ሰውየው ታሞ ከሆነ ብርቱካን ገዝተው ይመለሳሉ፤ ተኝቶ ከሆነም ውሃ ጠጥተው፣ የልጆቹን ደኅንነት ጠይቀው ይወጣሉ። ታዲያ ሁሉም ይወዳቸው ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ጎረቤታችን እንቅልፍ አሸንፎት የቀረ ቀን ሚስቱን «ገጠር ሄዷል በያቸው» ብሎ ጓዳ ተደበቀ። ጋሽ ሽብሩ ደፍ ላይ የተቀመጠውን ጫማ ትንሽ ካዩ በኋላ «ምነው ልጄ፣ በባዶ እግሩ ነው የሄደው?» አሏት። ይህ ወሬ ሰፈሩን አንድ ክረምት አስቋል።

እኔ አሥረኛ ዓመቴን ሳልደፍን ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ሞተ። ሊሙ ለክረምት ሥራ ሄዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ በአምስተኛው ቀን አለፈ። ሥራውን ያገኘለት አባቴ ነበር። ግብርና ቢሮ ስለሚሠራ የቡና ችግኝ ጣቢያዎቹን ያውቃቸዋል፤ «ይሂድና ሰው ይሁን» ብሎ በገዛ እጁ አውቶቡስ ላይ አሳፈረው። ከቀብሩ በኋላ አባቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ። አልተሳደበም፣ አልተከራከረም፤ እሁድ ጠዋት እኔና እናቴ ነጠላችንን ስንለብስ እሱ ብቻውን ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል። ቤታችን ውስጥ የሚበላው እንጀራ እንኳ ድምፅ ያለው እስኪመስለኝ ድረስ ጸጥታው ከብዶን ነበር። እናቴ ልጇን ቀብራለች፤ አሁን ደግሞ ባሏ ዓይኗ እያየ እየራቀባት ነበር። እኔም አባቴን የማጣው መስሎኝ በጣም እፈራ ነበር።

ጋሽ ሽብሩ በመጀመሪያው እሁድ መጡ። «ጫማህን አጣሁት» አሉት።

«እግዚአብሔር እቤቴም አለ፣ ሽብሩ» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

«አለ እንጂ» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «እኛ ግን የለንም።»

አባቴ ውሃ ቀድቶ ሰጣቸው። እሳቸውም ውሃቸውን ጠጥተው ሄዱ። በየእሁዱ ይመጡ ነበር፤ ዓመት ሊሞላ ሲል አባቴ ትዕግሥቱ አለቀና «ከእንግዲህ ስትመጣ እንደ ጎረቤት ና፤ ይህን ነገር ግን ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ» አላቸው። ጋሽ ሽብሩ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነትም ሁለተኛ አላነሡትም።

በዚያው ሰሞን የአባቴ ጥቁር የቆዳ ጫማ ሶሉ ለቀቀና ለጋሽ ሽብሩ ሰጣቸው። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። አባቴ ጠጋ ብሎ ሲጠይቅ «ደኅና ሶል ከአዲስ አበባ አልመጣልኝም» ይሉታል። ጫማ ሰፊ በቀጠሮ እንደማይገኝ የታወቀ ነውና አባቴ እያጉረመረመ በሸራ ጫማ ቢሮ ይመላለስ ጀመር።

አንድ እሁድ ቅዳሴ መሐል እናቴ መሐረቧን ረስታ ኖሮ ከቤት እንዳመጣላት ላከችኝ። አቋራጩ በወንዶቹ በር በኩል ነበርና ስሮጥ ደረጃው ላይ የአባቴን ጫማ አየሁት። አዲስ ሶል ተመትቶለታል፣ ተወልውሎ ያበራል፤ የተቀመጠውም ከጋሽ ሽብሩ አፈ ክፍት ጫማ ጎን ነው። አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ከምሰሶው አጠገብ ጋሽ ሽብሩ ቆመዋል፤ ከእሳቸው ቀጥሎ የአባቴ ቦታ ነበር። ባዶ ነው። መቋሚያው ብቻ ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ ሽብሩ ዞር ሲሉ አዩኝና መልሰው ወደ መቅደሱ ዞሩ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሰውየውን ማምጣት ቢያቅታቸው ጫማውን ያመጡታል።

የገባው ግን ለእኔ ብቻ ነው። ጫማውን ያየ አንድ ጎረቤት ለእናቴ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አቶ ተፈራ ተመልሰዋል» ብሎ ነገራት። እናቴ በወንዶች በር አታልፍ፣ ምን ታውቃለች፤ እሁድ እሁድ ወደ ወንዝ የሚወርድ አስመስሎ ተደብቆ የሚሳለም መሰላት። ብጠይቀው አፍሮ ይቀርብኛል ብላ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን እሁድ በመጣ ቁጥር ጨጨብሳው ቅቤ ይጠግብ ጀመር። አባቴ ሳህኑንና ፊቷን እያፈራረቀ አይቶ «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ይላል፤ እሷ ፈገግ ብላ «ምንም» ትላለች። እኔ ደግሞ እውነቱን እያወቅሁ አቀርቅሬ እበላ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ስድስት ወይም ሰባት እሁድ ሄደ። ከዚያ አባቴ ለሥራ ሊሙ ገነት እንዲሄድ ታዘዘ። ዳዊት ከሞተ ወዲህ ያንን መንገድ አልረገጠውም ነበር። ሰኞ ማለዳ ነው የሚነሣው፤ ለስብሰባ የሚሆን ጫማ ደግሞ ያው አንድ ጥቁሩ ብቻ ነው። እሁድ ጠዋት በነጠላ ጫማ ተነሥቶ ወደ ጋሽ ሽብሩ ሱቅ ሄደ። ሱቁ ተዘግቷል። አባ ቢያ መደብራቸው ደጃፍ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃቸውን፣ ይዘው ተቀምጠው ነበር። የሆነውን አባቴ ራሱ ኋላ ደጋግሞ ስላወራው ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«አካም ቡልቴ፣ ተፈራ» አሉት አባ ቢያ፣ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ሲሉ። «ሽብሩን ከፈለግህ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«እሱንስ አልፈለግሁም። ጫማዬን ነው የምፈልገው።»

«ጫማህም እዚያው ነው» አሉት ሽማግሌው። «ወላሂ፣ ጫማህ በየሳምንቱ ይሄዳል። የቀረኸው አንተ ነህ።»

አባቴ በንዴት ዳገቱን ወጣ። እኔ ያን ቀን ነገሩ ዕረፍት ነስቶኝ በየጊዜው ወደ ወንዶቹ በር ብቅ እያልኩ አይ ስለነበር ሲመጣ አየሁት። ካፊያው ትከሻውን አርሶታል። በነጠላ ጫማው ደረጃው ሥር ቆመና ረድፉን በዓይኑ ፈለገ። አገኘው። ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ሶሉን ገልብጦ አየው፣ የተወለወለውን ፊቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ይዞት ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ጋሽ ሽብሩ ከውስጥ አይተውታል፤ ግን አልጠሩትም። ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ ብለው ቦታውን አሰፉለት፣ ያ ብቻ ነው። ሕዝቡ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ። አባቴ ጫማውን በሁለት እጁ እንደ ታቀፈ እዚያው ካፊያው ላይ ቆሞ ቀረ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ጋሽ ሽብሩ ወጥተው አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኔ ከግቢው ጥድ ኋላ ሆኜ እሰማ ነበር።

«ሰው ጫማዬን ይሰርቃል ብዬ አስቤ አላውቅም» አለ አባቴ።

«መች ሰረቅሁህ፤ ቦታ አስያዝኩበት እንጂ።»

ከዚያ አባቴ ድምፁ እየተሰባበረ «አልችልም፣ ሽብሩ» አለ። «ፈቃድህ የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። የላክሁት እኔ ነኝ። እንዴት አድርጌ ልበላት?»

«አትበላት» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ማን በል አለህ? ባለቤቴ የሞተች ዓመት እኔም አላልኳትም። ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ነው የቆምኩት። ግን በጎኔ የቆመው ሰው ጮክ ብሎ ይል ነበር፤ እኔም ለሁለታችን ነው የሚለው እያልኩ እቆም ነበር። እቤቴ ብሆን ኖሮ ማን ይልልኛል? ያ ሰው ማን እንደነበር ረሳኸው?»

አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። ያ ሰው እሱ ነበር። ፊቱን በእርጥብ እጁ ሸፈነና ልጁ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ አየሁት። ጋሽ ሽብሩ ጫማውን ከጭኑ ላይ ወስደው እግሩ ሥር አስቀመጡለት።

ቤት ስንገባ የተደነቅሁት በእናቴ ነው። ባሏ ከስንት ጊዜ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አየች፤ ግን ምንም አዲስ ነገር አልታያትም። ለእሷ ከተመለሰ ቆይቷል። እውነቱን ከብዙ ዓመት በኋላ የነገርኳት እኔው ነኝ፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

አባቴ በማግስቱ ሊሙ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እሁድ አልቀረም። ለብዙ ወራት ዝም ብሎ ይቆም እንደነበር፣ ጋሽ ሽብሩም ለሁለት እንዲበቃ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። ቃሏን መልሶ ያላት መቼ እንደሆነ ራሱም በትክክል አያውቅም። አንድ ጠዋት ከሰው ጋር ሲል ራሱን ሰማው።

ባጃጅ ጅማን ባጥለቀለቀበት ሰሞን፣ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ አባቴ አንድ እሁድ ቅዳሴ ሳያልቅ ወጣ። ረድፉ ላይ አፉን የከፈተው ጫማ አልነበረም። ሌላ ማንም ልብ አላለውም፤ የሰው ጫማ የሚያየው ጋሽ ሽብሩ ነው እንጂ የእሳቸውን ማን ያያል? አባቴ እስከ ቤታቸው ሮጠና ቢያንኳኳ የሚመልስለት አጣ። አባ ቢያን ጠርቶ በሩን አብረው ገነጠሉት። ጋሽ ሽብሩ ከአልጋቸው ሥር ወድቀው፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከቅዳሜ ጀምሮ ተኝተዋል። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሲወስዷቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጫማዬን አጣኸው?» አሉ በተሳሰረ አፍ።

«አጣሁት» አለ አባቴ።

ሁለት ዓመት ተጨመረላቸው። እጃቸው ወስፌ መያዝ ስለተሳነው ያችን አፈ ክፍት ጫማ በመጨረሻ አባቴ ሰፋላቸው። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ስፌት ጅማ አይታ አታውቅም። ጋሽ ሽብሩ ባዩት ቁጥር ይስቁ ነበር። እሁድ እሁድ አባቴ እቤታቸው ሄዶ ያንኑ ጫማ ያጠልቅላቸዋል፣ ደግፎ ያመጣቸዋል፣ ደረጃው ላይ ያወልቅላቸዋል፤ ሁለቱ ጫማዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሞቱትም በሰው ተከበው ነው። አባቴም ከጊዜ በኋላ ተከተላቸው።

አሁን የምኖርበት ከተማ ጫማ ሰፊ «እንኪ እቴ፣ አለቀ» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ተረከዙን እያየሁ የሴቶች በራችን ትዝ አለኝ። ሁልጊዜ ከእኔ ጫማ አጠገብ የሚወልቅ፣ ዘለበቱ በቀይ ክር የተሰፋ ቡናማ ጫማ አለ። ባለቤቷ ከጎኔ ትቆማለች፤ ሰላም ከመባባል አልፈን ስም እንኳ አልተጠያየቅንም። ሁለት እሁድ ሙሉ ጫማው አልነበረም። አይቼ ነበር፤ ዝም ብዬ ግን ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። በራሴ አፈርኩ።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ እሷን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ቤቷን ጠየቅሁ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው አሉኝ። አንኳኳሁ። ከቆይታ በኋላ በሩ ተከፈተ፤ ከስታለች፣ ጥቁር ለብሳለች። መጀመሪያ አላወቀችኝም።

«ጫማሽን አጣሁት» አልኳት።