ጎርፍ የሰረቀ ሰው ንስሐ

አባቴ በዕድሜው አንድ ጊዜ ሰረቀ። የሰረቀውም ጎርፍ ነው።

ይህን ለደጋ ሰው ስናገር ይስቅብኛል። ደጋ ዝናቡ እዚያው ማሳው ላይ ይወርዳል። በእኛ በቆቦ ሜዳ ግን ማሽላ የሚያበቅለው ተራራ ላይ ዘንቦ በደረቁ ወንዝ እየደነፋ የሚመጣው ጎርፍ ነው። ገበሬው በእሾህና በአፈር ይከትረውና በቦይ ወደ ማሳው ይጠልፈዋል፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚጠልፍ ደግሞ ከአያት ጀምሮ የታወቀ ተራ አለ። በአገራችን የሰው ሚስት ካስኮበለለ ይልቅ የሰው ተራ የጠለፈ ይጠላል። ሚስት እንኳ ልትመለስ ትችላለች።

አባቴ የጠለፈው የጎረቤታችንን ተራ ነበር። ጎረቤታችን ሙስሊም ነው፤ ማሳውና ማሳችን በአንድ ቦይ ይጠጣሉ። ያን ቀን ጎረቤታችን ዋጃ ከተማ ለቅሶ ሄዷል። ጎርፉ መጣ፤ አባቴ ቦዩን ወደ እኛ አዞረው፤ ሲያበቃ እንደነበረ መለሰው። ማንም አላየም። የዚያ ዓመት ማሽላችን ግመል ይደብቅ ነበር። በልተን ጠገብን፤ ነገሩም በዚሁ ያለቀ መሰለ።

ከዚያ አብዮት ፈነዳ። መሬት የመንግሥት ሆነ፤ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ሊቀመንበር ተመረጠ። የጎርፉ ተራ ብቻ እንደነበረ ቀጠለ፤ ጎርፍ አዋጅ አይሰማም። እኔ ሴት ልጁም አድጌ ጎብዬ ከተማ አስተማሪ ሆንኩ፤ ክረምት ክረምት ቤት እመጣለሁ።

አባቴ ሆዱን ሲያመው ከርሞ ደሴ ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሙ ያለውን አልነገረንም። ተመልሶ የተናገረው «ፍልሰታ ሲፈታ ልቆርብ ነው» ብቻ ነው። ሐኪሙ ምን እንዳለው ገባን።

በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት የሚቆርቡት ዕድሜ ሲገፋ ነው። አብረው ይቆርባሉ፤ ከዚያ ወዲያ መፋታት የለም። ከመቁረብ በፊት ደግሞ ንስሐ አለ። አባቴ ለንስሐ አባቱ ጎርፉን ተናዘዘ። የታዘዘውን ምሳ ላይ የገበያ ወሬ እንደሚያወራ ሆኖ ነገረን። ስግደቱን ለሕመሙ ሲሉ አቅልለውለታል፤ ጎርፉ ግን ይመለስ ብለዋል።

«ጎርፍ እንዴት ነው የሚመለሰው?» አለች እናቴ።

«ዘንድሮ የሚደርሰን ተራ ለእሱ ይሰጥ ብለዋል።»

እናቴ መሶቡን ከደነችው። አባቴ ገና አልጠገበም ነበር።

እውነት አላት። እሱ ከተኛ ወዲህ ሰው ለምና ያሳረሰችው፣ ጎንበስ ብላ ያረመችው እሷ ናት። የዚያ ዓመት ዝናብ ደግሞ ቀጭን ነበር፤ ያለዚያ ጎርፍ ማሽላው አገዳ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ማንም ያውቃል። እኔም በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ።

አባቴ መናዘዝ እንዲህ ቀላል መሆኑን ካወቀ በኋላ ግን አንድ ስሕተት ሠራ። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ መጨረሻ ላይ ሂስና ግለሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይናገራል። አብዛኛው ሰው የሚናገረው ስብሰባ አርፍዶ መምጣቱን ነው፤ እሱ ለሁሉም ይስማማል። አባቴ ተነሣና ጎርፍ መስረቁን ተናገረ።

ሊቀመንበሩ ግራ ገባው። አርፍዶ ለመጣ ሰው የሚለውን ያውቃል፤ ለጎርፍ የሚባል አልተላከለትም። ጎርፍ የሰፊው ሕዝብ ሀብት መሆኑን፣ ድርጊቱም የተፈጸመው በፊውዳሉ ሥርዓት ጊዜ በመሆኑ ጥፋተኛው ሥርዓቱ መሆኑን አስረዳ። ጓዱ ሂሱን ስለዋጠ ይጨብጨብለት አለ። ተጨበጨበ።

አባቴ ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «አጨበጨቡልኝ» አለ፣ እንደተሰደበ ሰው።

ተከትሎት ጎረቤታችን ገባ። እሱም ስብሰባው ላይ ነበር። አባቴ ከመደቡ ሊነሣ ሲሞክር ያዘውና አስቀመጠው።

«አውፍ በለኝ» አለ አባቴ፣ በእነሱ ቋንቋ ይቅርታ ሲጠይቅ።

«አውፍ ብያለሁ፤ አንተም አውፍ በለኝ» አለ ጎረቤታችን። «ወላሂ፣ እኔም በዓመቱ ያንተን ጠልፌያለሁ። ቆቦ ገበያ ውለህ ነበር። ተካክሰናል፤ ምንም አትመልስልኝ።»

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ለጎረቤታችን ወተት ቀዳችለት።

ንስሐ አባቱ ካህኑ ሲሰሙ ግን ፈገግ አላሉም። «እሱ የጠለፈውን ከፈጣሪው ጋር ይነጋገርበት» አሉ። «አንተ የጠለፍከው እንዳለ ነው። ሌባ ለሌባ ቢካካስ ሁለት ሌባ ነው እንጂ አንድም ጻድቅ አይወጣውም።»

እኔ ያን ጊዜ በአብዮቱም በእግዜሩም በመጠኑ አምን ነበር፤ ከካህን ጋር መከራከርም የተማረ ሰው ወግ ይመስለኝ ነበር። «አባ፣ ዕዳችንን ክርስቶስ ከፍሎታል ትሉ የለ? ታዲያ የእናቴ ማሽላ እዚህ ምን ቤት ነው?» አልኳቸው።

«ማሽላችሁ ማንንም አያድንም፣ ልጄ» አሉ። «የሚያድነው እሱ ነው፤ ያውም በነፃ። ግን አባትሽ የሰው ውሃ እንደያዘ ‹ማረኝ› ቢለው፣ ማረኝ ማለቱ አይደለም። ዝም በለኝ ማለቱ ነው።»

ልክ በመሆናቸው ተናደድኩባቸው።

ጎርፉ የመጣው ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ ነው። ድምፁ ከሩቅ ተሰማ። አባቴ በምርኩዝ ተነሣ፤ እናቴና እኔ ተከተልነው። ቦዩ ጋ ደርሶ አካፋውን ለማንሣት ሞከረ፤ አልቻለም። ወደ እኔ ዘረጋው። የእኛ ማሽላ ከጥማት የተነሣ ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሟል። እጄ እንቢ አለኝ።

እናቴ አካፋውን ከእጁ ነጠቀችው። የምትመታው መስሎኝ ነበር። የእኛን ቦይ በአፈር ደፈነችና የጎረቤታችንን ከፈተችው። ጎረቤታችን ከማዶ «በአላህ፣ ተዉ!» እያለ ይጮሃል። ውሃው ግን ገባለት። ማሳው ሞልቶ ሲተርፍ ትርፉ ወደ ታች ወረደ፤ ለእኛ ጠብታ አልደረሰም። እናቴ አካፋውን ወንዙ ዳር ጥላ ሄደች። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ለማሽላው ይሁን ለአባቴ ዛሬም አላውቅም።

ለመቁረብ አንድ ቀን ሲቀር ካህኑ ሁለቱንም ሊያዘጋጁ ቤት መጡ። አባቴን ከኃጢአቱ ፈቱት። ወደ እናቴ ዞሩና ለሁሉም የሚሉትን ጠየቋት፣ «በልብሽ ቂም አለ?»

«አለ» አለች።

«በማን?»

«በዚህ» አለች፣ በአገጯ ወደ አባቴ እያመለከተች።

ካህኑ በዚያ ዓይነት መልስ ደንግጠው መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያለ አንቺ እሱ እንዴት ይቆርባል? ይቅር በይው እንጂ።»

«በይ ካሉኝ እላለሁ። ግን ውሸት ነው። በውሸት ልቁረብ?» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ለካህኑ ተናዘዝክ። ለማኅበሩ ተናገርክ። ጎረቤትህን አውፍ አስባልክ። የከፈልክበት ማሽላ የማን ነው? እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ይህ ለአባቴ ፈጽሞ አልታየውም ነበር፤ እኔም፣ ካህኑም አላሰብነውም። ግድግዳውን ይዞ ተነሣና ወጣ።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በበደለው ሰው ፊት ይቆማል፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው። ይህ የሚደረገው ደም ለፈሰሰበት፣ ሽማግሌ ለተቀመጠበት ነገር ነው። ለሚስቱ ድንጋይ የተሸከመ ወንድ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። አባቴ በር ላይ ካለው ድንጋይ ትልቁን ሞከረ፤ አልተነሣለትም። መካከለኛውን ሞከረ። በመጨረሻ ዶሮ የማያስደነግጥ ጠጠር አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ፤ በዚያም ጎብጦ በእናቴ ፊት ቆመ።

«በድዬሻለሁ» አለ።

እናቴ ትክ ብላ አየችው። ቀጭን አንገቱን፣ ቀበቶ የሰፋበትን ወገቡን አየች። ከዚያ ተነሥታ ጠጠሩን ከትከሻው አወረደች፤ እሱንም በክንዱ ይዛ መደቡ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ማሽላውን ግን አልረሳውም።»

ካህኑን ሁላችንም አየናቸው። መስቀላቸውን መልሰው አነሡና «ይበቃል» አሉ።