የአባባ እግርና የእኔ ምላጭ

ቆሻሻ ነሽ የሚለኝ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም። ቤቴ ሲገባ ጫማ ውጭ ይወለቃል፤ የማስተምራቸው ልጆች ጥፍራቸው ሰኞ ሰኞ ይታያል። ስለዚህ አባባ ሆሳዕና ሆስፒታል ለኦፕራሲዮን ሲቀጠር፣ ሐኪሞቹ የሚያዩት እግር አገራችንን ጃጁራን የሚያስመሰግን እንዲሆን ቆርጬ ተነሳሁ።

እግሩ የተሰበረው ከዓመት በፊት ከሞተር ወድቆ ነው። ወጌሻ አሰረው፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ጎብጦ ገጠመ። አባባ የከብት ነጋዴ ነው። ገበያ መሃል በምርኩዝ ቆሞ በሬ መጎተት አይሆንምና ቤት ዋለ፤ ቤት መዋል ደግሞ ሰውየውን ጨረሰው። ሐኪሙ አጥንቱን አቃንቶ በብረት ሊያስረው ተስማማ። አባባ ስኳር ስላለበት ግን መጀመሪያ ሁለት ወር አቆየን። ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ ያመረቅዛል አለን። ሁለት ወር ሙሉ የአባባን ሻይ ቀድሜ የቀመስኩት እኔ ነኝ፣ ይመዝገብልኝ።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት በአዲስ ምላጭ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ላጨሁት። የተላጠ እንቁላል አስመሰልኩት። አባባ “ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ” እያለ ሳቀ። ሆስፒታሉ በር ስንገባ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ሐኪሙ እግሩን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ከዚያ “ማነው የላጨው?” አለ። “እኔ ነኝ” አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅኩ። በጣቱ እየጠቆመ እኔ ያላየኋቸውን ቀያይ ጭረቶች አሳየኝ። በእነዚህ ጭረቶች ጀርም ይገባል፤ ብረቱ ላይ ከሰፈረ ደግሞ በመድኃኒት ብቻ አይለቅም፣ እግሩን እንደገና ከፍቶ ብረቱን እስከማውጣት ያደርሳል አለኝ። ፀጉሩ ካስቸገረ እነሱ ራሳቸው በማሽን ያሳጥሩታል። እኛ የታዘዝነው ገላውን በሳሙና እንዲታጠብ ብቻ ነበር። ቆዳው እስኪድን ወደ ቤት ተመለሱ ተባልን።

ክው አልኩ። ከመናኸሪያ ተሳፍረን ጃጁራ እስክንደርስ አባባ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስንወርድ ብቻ “ምርኩዜን አቀብዪኝ” አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሠራለት። እኔም ለራሴ ማልኩ፤ በእኔ ምላጭ ያልገባ ጀርም በማንም እጅ አይገባም። በአንድ እጄ የውሃ ጆግ፣ በሌላው ሳሙና ይዤ የተኛበት ክፍል በር ላይ ቆምኩ። እኛ አገር ታማሚ ሲጠየቅ ሰፈሩ ተነቅሎ ነው የሚመጣው። አልጋው ላይ ይቀመጣሉ፣ የታመመውን ቦታ ይዘው ይጸልያሉ። አልጋው ላይ የተቀመጠውን አስነሳሁ፤ አንዱ ለስኳር በሽተኛ ያመጣውን ለስላሳ እዚያው ለራሱ አስጠጣሁት።

የእናቴ ታላቅ ወንድም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸውንና አሥር ሰው አስከትለው መጡ፤ ታጥበው ሳይጨርሱ ስልክ አወጡ፣ አወሩ፣ በዚያው እጅ ወደ ፋሻው ሄዱ። መሃል ገባሁ።

“አጎቴ፣ እግሩን አይንኩ። እንደገና ይታጠቡና እጅዎን ግንባሩ ላይ ይጫኑ። እግዚአብሔር ከግንባሩ ወደ እግሩ መውረድ አያቅተውም።”

ባለቤታቸው በሀዲይኛ “ይቺ ልጅ ጭራሽ ጸሎት ልትከለክል ነው” አሉ። እኔም በሀዲይኛ “እጅ ነው የከለከልኩት” አልኩ። ከቦታዬም ንቅንቅ አላልኩም። አጎቴ ትንሽ አዩኝና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። “በይ አስታጥቢኝ” አሉ።

ክሩ የወጣለት ቀን ቁስሉ ደረቅ ነበር። መግል የለ፣ ትኩሳት የለ። እዚያው አልጋው ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዘንድሮ የአጎቴ ባለቤት ዳሌያቸው ተሰብሮ ዱራሜ ሆስፒታል ሊሠራላቸው ሆነ። አጎቴ ደወሉልኝ። “ነይና በር ላይ ቁሚልን፤ ምላጭሽን ግን ቤት ተዪው” አሉ። ስሄድ አባባም አልቀርም አለ። ዱራሜ ወርደን ባጃጅ ላስቆም ስል እጄን ያዘና በእግሩ ሄደ። እዚያ እንደደረስን ጆጉን ተቀበለኝ። ጠያቂው ሁሉ እጁን እየዘረጋ ሲያልፍ “ያስተማረችኝ ልጄ ናት” ይላል። ግማሽ ቀን በሩ ላይ ቆመ፤ አንዴም ወንበር አልጠየቀም።