«ዊራሲ» የምትል ቃል

ይህን ለሚስቴም ለልጆቼም ነግሬ አላውቅም። አንባቢዬ፣ አንተ የማታውቀኝ ሰው ስለሆንክ ደፈርኩ።

ካርቱም ውስጥ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም የጻፈውን የበሽታ ስም አንብቤ፣ ቁጥሩን ከትልቁ መጽሐፍ ፈልጌ፣ በፋይሉ ሽፋን ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ዐረብኛ ማንበብ ያስተማረኝ የለም፤ ከጋዜጣና ከሱቅ ሰሌዳ ለቅሜ ተማርኩት። እኮራበት ነበር።

ዘይነባ የወሎ ሰው ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የድሆች ሰፈር እያደረች፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። የአራት ዓመት ልጇን ኢድሪስን አንዱ የሳንባ ምች ሳይለቀው ሌላው ይይዘዋል። አንድ ቀን ፋይሉ «ናቅስ መናዓ፣ ዊራሲ» ተብሎበት መጣ። ናቅስ መናዓ የበሽታ መከላከያ ማነስ ነው፤ ከተማው ሁሉ ኤድስን የሚጠራበት ስም። ዊራሲን በአማርኛዬ ፈታሁት፦ ውርስ። ከእናቱ ወረሰው አልኩ። ሐኪሙ ግን በዘር የሚመጣ፣ በእናት በኩል አልፎ ወንዶቹን ብቻ የሚይዝ፣ ከማንም የማይጋባ፣ ብዙ የማይታይ ሌላ በሽታ ማለቱ ነበር። መጽሐፉ ለሁለቱ የተለያየ ቁጥር አለው። ገጹን መግለጥ ነበረብኝ። አልገለጥኩም። የኤድስን ቁጥር ጻፍኩ።

ስህተት ነው ትለኝ ይሆናል። ቆይ። እናቱን ኮሪደር ላይ ጠርቼ መከርኳት እኮ። ማን ሾመኝ? «ተውበት አድርጊ እህቴ፤ ልጁ ያንቺን ኃጢአት ነው የተሸከመው» አልኳት።

አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ ከሟቹ በቀር ወንድ አላውቅም። እኔንም ይመርምሩኝ። ያላ፣ አሁኑኑ» አለች።

ላቦራቶሪው የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቆ «ኢቃማ የለሽም» ብሎ መለሳት። የጻፈው ሐኪም እረፍት ወጥቶ ነበር፤ ተተኪው የእኔን ቁጥር አይቶ ልጁን ወደ ኤድስ ሕሙማን ክፍል ላከው፤ የሚያስፈልገው መርፌ እዚያ አይሰጥም። ሦስት ወር ሙሉ በእረፍት ቀኗ እየመጣች ደጅ ጠናች። በመጨረሻ ተመረመረች፤ ምንም የለባትም። ሐኪሙም ሲመለስ ፊቱ ቆማ እንዲህ አለችው፦ «ሁለት ወንድሞቼ በሳልና በጆሮ መግል ሞቱ። የእናቴም ወንድም እንዲሁ። እኛ ሴቶቹ ደህና ነን። ይህ ምንድን ነው?»

ፊደል አልቆጠረችም። እኔ መጽሐፉን ታቅፌ የሳትኩትን፣ እሷ ሙታኖቿን ቆጥራ አገኘችው። ከእሷ የበለጠ አስተዋይ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሐኪሙ ቁጥሩን ማን እንደጻፈ ጠየቀኝ። «አብሮኝ ይሠራ የነበረው» አልኩ። ያ ሰው ሥራውን ለቆ ፖርት ሱዳን ገብቷል፤ አፍ አውጥቶ አይከራከረኝም። ቁጥሩን ሰርዤ ትክክለኛውን ስጽፍ ዘይነባ አየችኝ። ያዳናት ሰው እኔ መሰልኳት። «ጋሼ፣ አላህ ልጆችዎን ያሳድግልዎ» አለችኝ። አሜን አልኩ። እኔ ነኝ አሜን ያልኩት። በዚያው ሳምንት ልጄን ስለዋሸች ገርፌያታለሁ።

ኢድሪስ መርፌውን በየወሩ እየወሰደ አደገ፤ ዛሬ ራክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ ይጠግናል። በእነዚያ ሦስት ወራት ግን አንድ ጆሮው ደነቆረ። መንገድ ላይ ሳገኘው ደህናውን ጆሮ ያዞርልኛል፤ ጮክ ብዬ ስለ እናቱ ጤና እጠይቀዋለሁ።

አንባቢዬ፣ ይቅርታ አልለምንህም። የምትሰጠኝ አንተ አይደለህም። የዘይነባን ቤት አውቀዋለሁ፤ በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ግማሽ ሰዓት ነው። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።