ሁለተኛው መንገድ

ሽንሌ ሳለን የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪያችን አንድ ሕግ ነበረው፤ አንድን ጥያቄ በሁለት መንገድ ያልሠራ ተማሪ እንደሠራ አይቆጠርለትም። ሁለቱ መልሶች ካልተገናኙ አንዱ ዋሽቷል ይለን ነበር። እኔና ጓደኛዬ ሥራውን ተካፈልነው፤ እኔ በኤክስ እሠራለሁ፣ እሷ ከመጨረሻው ተነስታ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ከበርሜል ግማሹ ውሃ ተቀድቶ፣ ከዚያ ሌላ አሥር ሊትር ተቀድቶ አሥራ አምስት ከቀረ፣ እኔ ገና "ኤክስ ይሁን" ስል እሷ አሥሩን መልሳ፣ እጥፍ አድርጋ፣ ሃምሳ ብላ ትጠብቀኛለች።

"እናቴ ቁልፍ ሲጠፋባት ካለችበት ተነስታ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው" አለችኝ አንድ ቀን። "አንቺ ግን ጠዋት ከነቃሽበት ጀምረሽ ትፈልጊያለሽ።"

ሚኒስትሪ አልፈን ድሬዳዋ አብረን ልንማር ተማምለን ነበር። ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው አጎቷ መጥቶ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወሰዳት። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ የመጣ ጸሐፊ ስለነበር ሽንሌ ውስጥ ዘመድ አልነበረንም፤ እኔም ሌላ ጓደኛ አላበጀሁም። ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ከሙቀቱ ሲሸሸግ ደብተሬን ይዤ ብቻዬን እቀመጣለሁ። አኩርፌያት ስለነበር የእሷን መንገድ እርም አልኩት። ያኮረፈ ምሳው እራት ይሆነዋል እንደሚባለው የተጎዳሁት እኔው ነበርኩ፤ የሙከራ ፈተናውን ወደቅኩ። የተሳሳትኩበትን የሚነግረኝ ሁለተኛ መልስ አልነበረኝማ።

ከዚያ ወዲህ ገጹን መሃል ለመሃል አስምሬ ግራውን በራሴ፣ ቀኙን በእሷ መንገድ መሥራት ጀመርኩ። ሁለቱ ሲገናኙ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ የምነግረው ሰው እንደሌለ ትዝ ይለኛል።

እሷ አስቀድማ ተመዝግባ ስለነበር፣ የፈተናው ቀን ቁጥሯ ከጎኔ ባለው ዴስክ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። አንዱ ጥያቄ በኤክስ አልፈታ አለኝ። ከመጨረሻው ተነስቼ ወደ ኋላ ሄድኩበት፤ ተፈታ። ሳላስበው ላሳያት ወደ ዴስኩ ዞርኩ።

ከሌላ ከተማ የመጣው ፈታኝ አየኝ።

"አንቺ ልጅ፣ አትኮርጂ" አለ። ቀረብ ብሎ ባዶውን ወንበር ሲያይ ግራ ገባው። "ከማን ነው የምትኮርጂው?"

ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። ስሟን ልነግረው ትንሽ ነበር የቀረኝ።