የእማሆይ ድርሻ

አድማሴ በ1977 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እህል ፍለጋ ወደ ከላላ እንደወረደ ተስቦ ያዘውና መንገድ ላይ ቀረ። ያገኙት ሰዎች፣ እግዜር ይስጣቸው፣ በአቅራቢያው ካለ ደብር ወስደው ቀበሩት። መርዶው ከመካነ ሰላም በታች ያለው ቀዬው ሲደርስ ሰውየው ከተቀበረ ሰንብቷል። ሚስቱ አሰጋሽ ደረቷን መታች፤ ጎረቤቱም አለቀሰ፤ ግን ለቅሶውም እንደ ዘመኑ ነበር። ድምፅ አውጥቶ የሚያለቅስበት ጉልበት ያለው ማን ነበረና!

ለአሰጋሽ የቀሩላት ሁለት ልጆቿና አማቷ እማሆይ የዓለምዘርፍ ናቸው። እማሆይ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ቆብ የደፉ፣ የሚበሉበትም የሚጠጡበትም ለብቻ የሆነ፣ ምንኩስናን ለስም ያልያዙ ሴት ናቸው። ለልጃቸው የተነጠፈው ለቅሶ እንደተነሣ ነገራቸው ሁሉ አንድ ሆነ።

«ተዝካሩስ፣ አሰጉ?»

«ኧረ እማሆይ፣ በምን እንደግሳለን? ልጆቹ ትናንትም የጎመን ውኃ ጠጥተው ነው ያደሩት።»

«አውቃለሁ ልጄ። ግን አድማሴ በሰው አገር እንደ ወደቀ ከብት አፈር ተመልሶበት፣ ስሙን የሚያስጠራ አንድ ዳቦ እንኳ ሳይቆረስለት ሊቀር ነው?»

አርባው አለፈ፤ ምንም አልተደገሰም። እማሆይ «እንግዲያው ለመንፈቁ» አሉ።

በመካከሉ ታኅሣሥ ላይ ያልታሰበ ነገር መጣ። ስንዴ አይደለም፣ ዱቄት አይደለም፣ ብር! የእርዳታ ሰዎች ገበሬውን ሰብስበው፣ በየቤቱ ላለ ነፍስ ሁሉ በየወሩ ገንዘብ እንደሚሰጡ ተናገሩ። እናንተ ብቻ ቀዬአችሁን ጥላችሁ አትሂዱ፣ በሬያችሁን አትሽጡ አሉ። ሰዉ መች አምኖ! ግማሹ «ለሰፈራ ሊለቅሙን ነው» ብሎ ጉድባ ለጉድባ ተደበቀ። በዚያ ዘመን መንግሥት «ኑ» ሲል የሄደ ሁሉ ስላልተመለሰ አይፈረድበትም። አሰጋሽ ግን የታናሹን የመለሰን ሆድ አይታ ሄደች። እውነትም ብር ሰጧት። ለራሷ፣ ለትልቋ ልጇ ለይታይሽ፣ ለመለሰና ለእማሆይ።

ከዚያ ወዲያማ ቤቱ ቤት መሰለ። ነጋዴው ብር ሲሸተው ከአባይ ማዶ ገብስና በቆሎ በአህያ ጭኖ መካነ ሰላም ገበያ ከች አለ። ኅዳር ላይ እኮ እህል የሚባል በዓይን አይታይም ነበር። ሊሸጥ የታሰበው ብቸኛ በሬ ከደጅ ታስሮ ቀረ። መለሰ ቆሞ መሄድ ጀመረ፤ ይባስ ብሎ እህቱን መምታት ጀመረና አሰጋሽ በደስታ አለቀሰች። ከልጅ ጠብ የሚጣፍጥ ድምፅ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

ከገበያ በተመለሰች ቁጥር እህሉን በአፍ ቁጥር ትከፍለዋለች። እማሆይ ግን ድርሻቸውን በጥሬው ነበር የሚቀበሉት። «ለራሴ እቆላለሁ» ይሏታል። ይህም ያባት ነው፤ መነኩሴ ከሰው ድስት አይበላም፤ ምኑ ይገርማል? የነቢያት ጾም ወጣ፣ ዐቢይ ጾም ገባ። እማሆይ ከሱ፣ ጉንጫቸው ጎደጎደ። በኛ አገር ደግሞ መነኩሴ ሲከሳ ማን ይደነግጣል? «ጾሙ ነው፤ በረከታቸው ይደርብን» ይባላል። አሰጋሽም ማለዳ ማለዳ ጉልበታቸውን ስማ በረከት ትቀበላለች። ምስኪን! ጉልበታቸው አጥንት ብቻ መሆኑን ከንፈሯ እየነገራት ልቧ አልሰማም።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ እሑድ እማሆይ ቅዳሴ ላይ ወደቁ። የጎረቤታቸው የንጉሡ ሚስት ብዙዬ ደግፋ አመጣቻቸው። መደብ ላይ ሊያስተኟቸው አጎዛውን ገለጥ ሲያደርጉ ከሥሩ ስልቻ አገኙ። አሰጋሽ አፉን ፈታችው። ገብስ ነው፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ በየገበያው የሰጠቻቸው ገብስ፣ ከላዩ እፍኝ እፍኝ ብቻ የተነካ።

«ወይኔ! እማሆይ፣ ምን ሠሩ? ልጆቼን ሳበላ እርስዎን ስገድል ከረምኩ?»

«አትጩኺ። ድርሻዬ ነው፤ ከማንም አልሰረቅኩም። የአድማሴ መንፈቅ ግንቦት ላይ ነው። እስከዚያ ይሞላል።»

«ይብሉት በማርያም! የበልጉ ገብስ ሲደርስ እኔ እደግስለታለሁ፤ ሚካኤል ምስክሬ ነው!»

እማሆይ አልተቆጡም። «አሰጉ፣ አንቺማ ልጆች አሉሽ። ሁልጊዜ የሚቀድም አፍ አለሽ» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእጇ ልታጎርሳቸው ብትታገልም አንዷን ቀምሰው ሌላዋን በመዳፋቸው ይይዟታል።

የመጋቢት ብር ሳይመጣ ቀረ። መኪና ተበላሸ አሉ፤ መንገድ ተዘጋ አሉ፤ ለማለት ማን ብሏቸው! ቤት ውስጥ የነበረው እህል ተሟጠጠ። ሳምንቱ ኒቆዲሞስ ሲሆን ደግሞ ሰማዩ እንደ ማሾፍ ያደርገውና ዝናቡን ጣለው። ይኸ ሁሉ ሰው ዓመት ሙሉ የለመነው የበልግ ዝናብ! ንጉሡ በሬውን እየነዳ መጣ፤ በሬና በሬ አቀናጅተው ሊያርሱ ቀድሞ ተስማምተዋል።

«በሬው አለ፣ እርጥበቱ አለ። ዘርሽ የታለ?» አላት።

ዘር የለም። ያለው ያ ስልቻ ብቻ ነው። ዛሬ ካልተዘራ የሰኔ እህል የለም፤ ብሩም መምጣቱን እንጃ፤ ጾሙን ያደረ መሬት ደግሞ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። አሰጋሽ እማሆይ እግር ላይ ወደቀች።

«ያበድሩኝ፣ እማሆይ። እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ።»

«እስኪ ለግንቦት ደርሶ ይበላል?»

«አይደርስም።»

«እንግዲያው አላበድርም።»

አሰጋሽ ተነሣች። አሮጊቷ ቀና ብለው መቀመጥ እንኳ አይችሉም። ስልቻውን ከራስጌያቸው ስትስብ እጃቸውን ዘርግተው ያዙት፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቀቀችው። እንዴት ቀላል ነበር! ያ መቅለሉ ነው እድሜ ልኳን ያልለቀቃት። ንጉሡ አረሰ፣ ተዘራ። ማታ ስትገባ እማሆይ «ልጄን ሁለቴ ቀበርሽው» አሏት። ሌላ አልተናገሯትም።

ሕማማት ገባ። ከሐሙስ እስከ እሑድ ሌሊት ውኃ ሳይቀምሱ አከፈሉ። ሊከለክላቸው የደፈረ የለም፤ መነኩሲት አክፍሎት ስትይዝ ማን ይከለክላል? የፋሲካ ለት አሰጋሽ ከጎረቤት ለምና በጥብጣ ያቀረበችላቸው ሹሮ አልዋጥ አላቸው። በማግስቱ ዐረፉ። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ገብርኤል «ታድለው! ጾመው፣ አክፍለው፣ በትንሣኤ ሄዱ» አሉ። ሀገሩ ሁሉ ይህንኑ ተቀበለ። አሰጋሽ ብቻ አልተቀበለችም።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ፣ አይ ጊዜ! ያ የቀረው ብር ደርቦ መጣ። ከፋዩ የአሰጋሽን፣ የልጆቿን ስም ጠራና፣ «የዓለምዘርፍስ?» አለ። ከዚያ ሰው መካከል ቀብራቸው ላይ ያልነበረ አልነበረም።

«አሉ» አለች አሰጋሽ።

«የት አሉ?»

«ጾሙ አድክሟቸው ተኝተዋል።»

ከፋዩ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ ጀብሪል ዞረ። ጀብሪል የእማሆይን መቃብር ከቆፈሩት አንዱ ነው፤ ውሸት ደግሞ አይወድም፤ ለወንበሩም ይፈራል። መሬት መሬት እያየ፣ «አሉ ብላሃለች አይደል? ስጣት እንጂ» አለ። ከዚያ ለእሷ ዝቅ ብሎ፣ «አብሽሪ» አላት።

የልጅ መንፈቅና የእናት አርባ በአንድ ሳምንት ግንቦት ላይ ዋሉ። አሰጋሽ በእማሆይ ድርሻ እህል ሸመተች፤ ከልጆቿ አንዲት ሳንቲም አልቀላቀለችም። ዳቦ ተደፋ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ጠላም ተብሎ ቀጭን ነገር ተጠመቀ። ካህናቱ የሁለቱን ስም ጠሩ። ነዳያኑ በሉ፣ ይታይሽና መለሰም በሉ። ማሳው ላይ ገብሱ ከቁርጭምጭሚት አልፎ አረንጓዴ ሆኗል።

ብዙዬ ከመጨረሻው ዳቦ ቆርሳ አመጣችላት። «እሰይ አሰጉ፣ ሁለቱንም አሳረፍሻቸው። እንግዲህ አንቺም ቅመሽ እንጂ፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም።»

አሰጋሽ ቁራሹን ተቀብላ ትንሽ ያዘችውና ለብዙዬ መለሰችላት።

«እኔማ እንዴት ብዬ?» አለች። «ከእጃቸው ነጥቄያቸው የለ?»